ሰማያዊው ፓሌት

ሰፈርተኛው ሴትዮዋን የሚያውቃት እትዬ ሽቶ በሚል ስም ነው። ገና ከመታጠፊያው ብቅ ሳትል የሳሙናዋ ሽታ ቀድሟት ይደርሳላ! በልብሷ፣ በጸጉሯ፣ በቦርሳዋ፣ ለጎረቤት ባዋሰችው ዣንጥላ ሳይቀር የሎሚ ሽታ አለ። እሷም ስሙን አልጠላችውም። «እትዬ ጭቃ ከመባል ይሻላል» ትላለች።

ከቤቷ ጓሮ በአንድ በርሜልና በአንድ ማማሰያ የጀመረችው ሥራ አድጎ አድጎ፣ ዛሬ ከዋናው መንገድ ዳር አቀበቱ ላይ ያለውን ሰፊ ግቢ ይዟል። ከላይ ማፍሊያውና ማሸጊያው፣ ከታች መጋዘኑ፣ በመካከላቸው በሲሚንቶ የተለሰነ ቁልቁለት። ቀማሚው ባሏ ነው፤ ነጭ ጋውኑን ለብሶ በታንከሮቹ መሀል ሲመላለስ ሐኪም ይመስላል። ዕቃ የሚያመላልሰው የፎርክሊፍት ሹፌር ደግሞ ካፒቴን ይባላል። በሕይወቱ መርከብ አይቶ አያውቅም፤ ግን ያቺን ቢጫ ማሽን ሲነዳ አገጩን ቀና፣ ዓይኑን ራቅ አድርጎ ስለሆነ ሠራተኞቹ ሾሙት።

ከሁሉ በታች ያለው ግን የታላቅ ወንድሟ ሥራ ነበር። ከሁሉ በታች ስንል እንዲሁ ለማለት አይደለም። ካርቶኑም ጀሪካኑም የሚደረደርበትን፣ ፎርክሊፍቱ ሹካውን ከሥሩ ሰዶ የሚያነሳውን የእንጨት ርብራብ፣ ፓሌት የሚሉትን፣ የሚሠራው እሱ ነው። አናጢ ነው። ምስማር በከንፈሩ ነክሶ ማውራት ስለለመደ ሰው ጋሽ ምስማር ይለዋል፤ እሷ ግን ከልጅነቷ «ጋሼ» እንጂ ሌላ ስም አታውቅለትም። አባታቸው ሲሞት መጋዙን ወርሶ እሷን ያስተማረ እሱ ነው። የመጀመሪያው ሳሙናዋ የመሬት እርጥበት እንዳይነካው ብሎ ከጣውላ ቁርጥራጭ ርብራብ ገጣጥሞ ያመጣላትም እሱ፣ ሥራው ሲያድግ ርብራቡን ያሳደገላትም እሱ። በየሳምንቱ በአሮጌ ፒክአፑ እየተንገጫገጨ ይመጣል፣ የተሰበረውን ይወስዳል፣ የጠገነውን ያወርዳል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ ከካፒቴኑ ጋር ይሟገታል፣ ይሄዳል።

«አንተ ሰው፣ ቁልቁለት ስትወርድ ጭነቱ ወደ ዳገቱ ዞሮ አንተ ወደ ኋላ ነው የምትወርደው» ይለዋል።

«ካፒቴን ወደ ኋላ አይሄድም» ይላል ያኛው።

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ዝናብ በበዛበት ዓመት ነው።

የሳሙና ቤት እንደምታውቁት እርጥብ ነው። ወለሉ ሲታጠብ ይውላል፤ ከላይ እንፋሎት፣ ከታች ውሃ። በደህናው ጊዜ እንጨቱ የጠጣውን ፀሐይ ላይ ወጥቶ መልሶ ይተፋዋል። ያን ዓመት ግን ፀሐይ ደብዛዋ ጠፋ። ጣውላው እንደጠጣ ቀረ፣ ከበደ፣ ከሥሩ ጥቁር ሻጋታ አወጣ። የካርቶኑ ቂጥ መራስ ጀመረ። አንድ ቀን ደግሞ ከላላ ጣውላ ምስማር ብቅ ብሎ የፈሳሽ ሳሙና ጀሪካን በሳና፣ የጅምላ አከፋፋዩ የመኪናውን በር ሲከፍት ጀሪካኖቹ ከመውረዳቸው በፊት ሳሙናው ራሱ ወረደ። ሰውየው ደውሎ «እትዬ፣ ዘንድሮ ዕቃውን በመጥረጊያ ነው የተረከብኩት» አላት። እሷም ሳቀች። ስልኩን ስትዘጋ ግን ሳቁ አብሮ ተዘጋ።

በዚያው ሰሞን ስትመኘው የኖረችው ሥራ መጣ። የሕፃናት ዕቃ የሚሸጥ አንድ ድርጅት የሕፃን ሳሙና እንድታመርትለት ፈለገና የጥራት ተቆጣጣሪ ላከ። ተቆጣጣሪዋ ቀጠን፣ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ታንከሮቹን አየች፤ ወደደች። የሠራተኞቹን ጥፍር ሳይቀር አየች፤ ወደደች። ማሸጊያው ክፍል ስትደርስ ቁጢጥ አለች፣ ባትሪዋን አበራችና ጣውላውን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ይሄ እርጥብ ነው።»

«ወለሉ ስለሚታጠብ ነው እንጂ...»

«ይገባኛል። ግን በሚታጠብ ክፍል ውስጥ እንጨት ባይኖር ነው የሚሻለው። ይሻግታል፣ ስንጥር አለው፣ ምስማር አለው። የሕፃን ገላ ነው፣ እትዬ።» ተነሳችና ቀሚሷን አራገፈች። «የቀረው ሁሉ ደስ ይላል። ይሄን ይቀይሩና ይጥሩኝ፣ ደስ ብሎኝ እመለሳለሁ።»

እውነቷን ነው። እትዬ ሽቶን ያቃጠላትም እውነት መሆኑ ነው። ሴትዮዋ ተሳስታ ቢሆን ኖሮ ተቆጥታ ይወጣላት ነበር።

እራት ላይ ለባሏ ነገረችው። ባሏ ዳቦውን እየቆረሰ፣ «ፕላስቲክ ግዢያ፣ ምን ቸገረ?» አላት።

«ጋሼስ?»

«ንገሪዋ።»

«ምን ብዬ? ሥራህ ሻገተ ልበለው?»

«ሥራው መቼ ሻገተ? እንጨቱ ነው የሻገተው።»

«ለሱ ምን ልዩነት አለው?»

ባሏ ወደ ዳቦው ተመለሰ። የእህትና የወንድም ነገር በታንከር እንደማይቀመም ያውቃል።

የፕላስቲክ ፓሌት ሻጩ የመጣው በሳምንቱ ነው። ቅቤ ምላስ ነው። ሰማያዊ ፓሌት ከመኪናው አውርዶ መሬት ላይ ወረወረው፣ ወጥቶ ዘለለበት፣ ውሃ ደፋበትና በገዛ እጅጌው ጠርጎ አሳያት። «አይሻግት፣ አይዝግ፣ ስንጥር የለው፣ ምስማር የለው! ለልጅ ልጅዎ ያወርሱታል!»

«ሲሰበርስ?»

«አይሰበርም።»

«ከተሰበረስ?»

ሻጩ ትንሽ አሰበና «ያኔ ሌላ አመጣልዎታለሁ» አለ።

ዋጋው አስደንግጧታል። ግን በአንድ እጇ ብድግ ስታደርገው ልቧ ሸፈተ። ለሙከራ ጥቂት እንዲያመጣ ተስማማች። ለሠራተኞቹም «እኔ ራሴ እስክነግረው ድረስ ለጋሼ ማንም ትንፍሽ እንዳይል» ብላ አስጠነቀቀች። ባሏ በማሸጊያው በር አንገቱን አስግጎ የተደረደረውን አየ።

«ይሄን ነው የምትደብቂው? ሴትዮ፣ ሰማዩን ብትደብቂ ይቀልሻል።»

ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያለች ሰነበተች። ጋሼ በሚመጣበት ቀን ሰማያዊዎቹ ሸራ ይለብሳሉ፤ እሷ ሻይ ትቀዳለታለች፤ ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ ይመጣና ከሻዩ ጋር ተመልሶ ይወርዳል። እሱም ምስማሩን ከከንፈሩ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ እየደረደረ፣ «ምነው ከሳሽ? ሥራ በዛብሽ?» ይላታል። ይሄ ደግሞ የባሰ አንገቷን ያስደፋታል።

ጋሼ የሚመጣበት ቀን የታወቀ ነው። አንድ ሳምንት ግን መንገዱ በጎርፍ ሊዘጋ ነው ሲባል ሰማና ቀደም ብሎ መጣ። የግቢው በር ሲከፈትለት ካፒቴኑ ከማሸጊያው ወደ መጋዘን ቁልቁል እየወረደ ነበር። ሹካው ላይ ሰማያዊ ፓሌት፣ ፓሌቱ ላይ የፈሳሽ ሳሙና ጀሪካን ከፍ ብሎ ተደርድሯል። ከቁልቁለቱ አጋማሽ ሲደርስ ከፒክአፑ መስታወት ኋላ የጋሼን ፊት አየ። ካፒቴኑ የታዘዘው ትንፍሽ እንዳይል ነው፤ እንዲህ ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ ምን እንደሚያደርግ የነገረው ሰው የለም። በድንጋጤ ፍሬኑን ረገጠ።

እንጨት ቢሆን ሻካራ ነውና ብረቱን ነክሶ ይይዝ ነበር። ፕላስቲኩ ግን ሳሙና በነካውና ዝናብ ባረሰው ሹካ ላይ እንደ ዓሣ ሙልጭ አለ። ፎርክሊፍቱ ቆመ፤ ጭነቱ አልቆመም።

ጀሪካኖቹ እየተንደረደሩ ወርደው ከመጋዘኑ ግድግዳ ጋር እየተላተሙ ፈነዱ። ከላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ ቁልቁለቱ ይገፋል፤ ያ ሁሉ ሳሙና አረፋ ለመሆን የቀረው ነገር አልነበረም። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት ደረሰ። ቀጥሎ በግቢው በር ወጥቶ ዋናው መንገድ ላይ ፈሰሰ። ታክሲዎች ቆሙ፤ ሾፌሮቹ እያማረሩ ወረዱ፣ ወዲያው ማማረሩን ትተው መኪናቸውን ማጠብ ጀመሩ። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ምንጣፏን ጎትታ ወጣች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ዣንጥላቸውን እንደያዙ ቆመው ጫማቸውን በየተራ አረፋው ውስጥ እየነከሩ፣ «ከመጣ አይቀር እንዲህ ነው፤ ያውም የሎሚ!» ይላሉ።

እትዬ ሽቶ ከቢሮዋ እየሮጠች ወጣች፤ ደጃፉ ላይ አዳለጣትና አረፋው ውስጥ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ከዚያው ሆና ቀና ስትል ጋሼ ቆሟል። ከእግሩ ሥር ሰማያዊው ፓሌት ሆዱን ወደ ሰማይ ሰጥቶ ተጋድሟል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አላት።

«ጋሼ፣ ልነግርህ ነበር።»

«መቼ?»

በአረፋ የተለወሰ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

ጋሼ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። እጇን ይዞ አነሳት። ኮቱን አውልቆ ፒክአፑ ውስጥ ጣለ፣ መጥረጊያ ያዘ፣ ከሠራተኞቹ ጋር አረፋውን ወደ ቦይ ሲገፋ ዋለ። አንዴ ብቻ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ሲል ሰማችው፤ ለሷ ይሁን ለካፒቴኑ አለየችም። ሲጨርስ ሰማያዊውን ፓሌት አንስቶ ፒክአፑ ላይ ጫነ።

«ይሄን ልውሰደው።»

«ምን ልታደርገው?»

«ላየው» አለና ሄደ።

በሚቀጥለው ሳምንት የጋሼ ቀን ደረሰ፤ ጋሼ ግን የለም። ስልክ ደወለች፤ የሚያነሳው የለም። ካፒቴኑ ጥፋቱ የራሱ ይመስል (በግማሹም የራሱ ነበር) ምሳውን ብቻውን መብላት ጀመረ። ባሏ ሁለት ቀን ታገሣትና፣ «እዚህ ሆነሽ ስልኩን ከምትጨቀጭቂ ሂጂና ሰውየውን ጨቅጭቂው» አላት። ባዶ እጇን ላለመሄድ ትኩስ ዳቦ ገዝታ ሄደች።

በር ላይ የተቀበለቻት የወንድሟ ሚስት ናት። «እሰይ መጣሽልኝ! ያንን ሰማያዊ ነገር ይዞ ከገባ ጀምሮ እኔን ማናገር ትቷል። ይነካካዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ያሻሸዋል። በዚህ ዕድሜዬ ቅናት ሊይዘኝ ነው።»

ወርክሾፑ ውስጥ... ወርክሾፕ ማለት እንኳ ይበዛበታል፣ ቆርቆሮ ጣራ ያለው ሰጋቱራ የሞላው ዳስ ነው። እዚያ ውስጥ ሰማያዊው ፓሌት በጫፍና በጫፉ ሁለት ግንድ ላይ ተደግፎ መሀሉ ላይ ድንጋይ ተቆልሎበታል። ከጎኑ የእንጨቱ ፓሌት እንዲሁ ተደግፎ፣ እንዲሁ ድንጋይ ተሸክሟል። ጋሼ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ያስተያያል።

«ጋሼ።»

«ግቢ። ሰጋቱራው እንዳይጥልሽ ብቻ፤ ሰሞኑን መውደቅ ለምዶብሻል።»

ልቧ ቀለል አለ። የሚቀልድ ሰው አልተቀየመም ብላ አሰበች። ቢሆንም ሳትጠይቅ መቀመጥ አልቻለችም።

«ተቀይመኸኛል?»

«አዎ» አላት ቁርጥ አድርጎ። ቀና አለና በጨርቅ እጁን ጠረገ። «በፕላስቲኩ እንዳይመስልሽ። ካፒቴኑ አወቀ፣ ባልሽ አወቀ፣ ዘበኛው አወቀ። ለኔ ግን ሸራ አልብሰሽ ሻይ ስትቀጂልኝ ከረምሽ። እኔ ወንድምሽ ነኝ ወይስ ግብር ሰብሳቢ፣ ዕቃ የሚደበቅብኝ?»

«ይከፋሃል ብዬ ነው።»

«ይከፋኛላ! ከፍቶኛልም። ትንሽ ይክፋኝ፣ ምን አለበት? ከፍቶኝ፣ ተኝቼ፣ ጠዋት እነሳለሁ። ባዕድ ማድረግሽ ግን...» አልጨረሰውም።

እትዬ ሽቶ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ጋሼ የሚያደርገው ጠፍቶት የያዘውን ጨርቅ አቀበላት፤ ጨርቁ የሙጫና የዘይት ስለነበር ፊቷን የባሰ አዥጎረጎረው። የወንድሟ ሚስት ስታየው ሳቀች፤ ጋሼም ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አልቻለም፤ በመጨረሻ እሷም በመስኮት መስታወት ራሷን አይታ ሳቀች።

«አጥፍቻለሁ፣ ጋሼ» አለች ስትረጋጋ።

«አጥፍተሻል። አለቀ። ነይ አሁን ላሳይሽ።» መሀሉን በጣቱ ጠቆማት፤ ሰማያዊው እንደ አሮጌ አልጋ ሰርጎድ ብሏል። «አየሽ? የኔው ቀጥ እንዳለ ነው። የመጋዘኑ ረጅም መደርደሪያ ላይ፣ በጫፍና ጫፉ ብቻ ከተደገፈ፣ ይሄኛው ከባድ ጭነት አይችልም። መሬት ላይ ግን ምንም አይለውም። ደግሞ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌው ነበር። ሳወጣው በጨርቅ ጠረግሁት፣ ደረቀ። የኔው እስካሁን ያለቅሳል።» ድምፁ ውስጥ ቁጭትም አድናቆትም አለበት፤ ጎበዝ ባላጋራ የገጠመው ተጫዋች ይመስላል።

«ለማሸጊያው ክፍል ፕላስቲኩ ይሁን» አለች እትዬ ሽቶ። መንገዱን ሁሉ ስታወጣ ስታወርድ የመጣችውን ነው የምትናገረው። «ከማሸጊያው እስከ መጋዘኑ በር። ከዚያ ወዲያ አያዋጣኝም።»

«ለምን?»

«ከግቢዬ የወጣ ፓሌት ተመልሶ ያውቃል? አከፋፋዮቹ ዘንድ የቀረውን ያንተን እንጨት ብንሰበስበው ቤት ይሠራበታል። የወንዝ ማዶው አከፋፋይ እንዲያውም አልጋ አድርጎታል፣ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«አልጋ? ይመቸዋል?»

«እንደሱ ተመችቶኝ ተኝቼ አላውቅም ነው ያለኝ።»

ጋሼ ደስ አለው፤ ደስታውን ለመደበቅ ድንጋዮቹን ማውረድ ጀመረ። «እሺ። መደርደሪያውና መንገዱ ለእንጨት፣ እርጥቡ ለፕላስቲክ። ግን መጋዘኑ በር ላይ ጭነቱን ከአንዱ ወደ አንዱ ማዛወር ሥራ ነው። ካፒቴንሽ ይሞትብሻል።»

«ያን ሁሉ ሳሙና አፍስሶ አልሞተም፣ በዚህ አይሞትም።» ቀጥሎ የሚመጣውን ድሮ ቢሆን በሻይ ትውጠው ነበር። «ያንተ ሥራ ግን ይቀንሳል፣ ጋሼ። በደንብ ይቀንሳል።»

«ይቀንሳል» አለ እሱም። ዓይኑን ከድንጋዮቹ አላነሳም።

«ይቀንስ!» አለች ሚስቱ ከበሩ ላይ። «የሰው ቤት ሲገጥም እየዋለ የኔ ወጥ ቤት እስከ ዛሬ ቁምሳጥን የለው። ድስቶቼን መሬት ላይ ደርድሬ እያየ፣ ለሳሙና ርብራብ ይሠራል። ሳሙና ስላልሆንኩ ነው?»

«ሰማሽ?» አላት ጋሼ ለእህቱ። «ሥራ መች ጠፋ? ክፍያ ነው እንጂ የጠፋው።»

ዳቦውን ቆርሰው በሻይ በሉት።

ጋሼ በቀኑ ሲመጣ ፒክአፑ ላይ ፓሌት ብቻ አልነበረም። አሮጌ ካላማዳሪያ፣ የመኪና ጎማ ውስጠኛውን ላስቲክ፣ በረጅሙ ቀዶ አምጥቷል። ካፒቴኑን ጠርቶ የፎርክሊፍቱን ሹካ እንዲያወርድ አዘዘው፤ ሁለቱ ተንበርክከው ብረቱን አጠቡ፣ አደረቁ፣ ጎማውን እላዩ ላይ ለጥፈው አሰሩት። ሰማያዊው ፓሌት ተጫነበትና ካፒቴኑ ከቁልቁለቱ አናት ቆመ። ሠራተኛው ሁሉ በየበሩ ወጥቶ ያያል። ካፒቴኑ ወደ ጋሼ ተመለከተ፣ ተነፈሰ፣ ማሽኑን አዞረና ፊቱን ወደ ዳገቱ እንዳደረገ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ወረደ። መሀል ላይ ጋሼ «ፍሬን!» ብሎ ጮኸ። ፎርክሊፍቱ ቆመ። ጭነቱም ቆመ። ግቢው በጭብጨባ ተናጋ፤ ካፒቴኑም አገጩን እንደልማዱ ቀና አደረገ፤ ወደ ኋላ መሄድም ለካ ማዕረግ አይቀንስም።

ተቆጣጣሪዋ ተመልሳ ስትመጣ ማሸጊያው ክፍል ገባች፣ ቁጢጥ አለች፣ ባትሪዋን አበራች። ሰማያዊውን በጣቷ ነካችና ጣቷን አየችው፤ ንጹሕ ነው። ስትወጣ የፎርክሊፍቱን ጎማ ልብ አለችው።

«ይሄስ የማን ዘዴ ነው?»

«የወንድሜ። አናጢ ነው» አለች እትዬ ሽቶ፤ ጋሼ መጋዘኑ በር ላይ ምስማር ነክሶ ቆሞ ነበርና ሰላምታውን በአገጩ ሰጠ።

የሕፃኑ ሳሙና መመረት ጀመረ። ሥራው እንደተፈራው ለጋሼ ቀነሰ፤ መጀመሪያ ላይ እጁ የት እንደሚገባ ጠፍቶት ሁለት ሳምንት ሰው ተቆጣ። ከዚያ ለሚስቱ ቁምሳጥኑን ሠራ፣ ጎረቤቷ አይታ ለራሷ አዘዘች፣ የጎረቤቷ እህት ደግሞ ከሷ አየች። የፓሌቱም ነገር ቢሆን ጨርሶ አልቀረም፤ መደርደሪያውና መንገዱ እስካለ እንጨት አለ። የዝናቡም ወራት ሲመለስ መጋዘኑ ደረቅ ነበር።

እትዬ ሽቶ ግን አንድ አዲስ ጠባይ አወጣች። አዲስ ነገር ያሰበች ጊዜ ከሁሉ በፊት ለጋሼ ትደውላለች። ባለፈው እንኳ ገና በማለዳው ደወለችለት።

«ጋሼ፣ የጠርሙሱን ክዳን ከነጭ ወደ ቢጫ ልቀይረው ነው።»

ከወዲያ በኩል መጋዙ ቆመ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ አናጢ ነኝ። ስለ ክዳን ምን አውቃለሁ?»

«እንዲያው ልንገርህ ብዬ ነው።»

«ነገርሽኝ።»

«ቢጫ ይሻላል አይደል?»

ትንሽ አሰበ። «ነጩ ይሻላል» አለና መጋዙን ቀጠለ። እሷም ቢጫውን አዘዘች።